የእማሆይ መደብ

በጥር ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስሄድ ሚኒባሱ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ተጫነ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ሁላችንም እያነጠስን ተጓዝን፣ እኔን ያስለቀሰኝ ግን በርበሬው ብቻ አልነበረም።

መንደራችን ከአስፋልቱ ወርዶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ከላይ በዛፍ የተከበበው ሚካኤል፣ ከታች ወንዙ፣ ወንዙ ዳር የቡሬ ገበያተኛ አህያውን የሚያሳርፍበት ትልቅ ሾላ። ከሾላው ሥር፣ ከእኛ እርሻ ጋር የሚዋሰን፣ የእማሆይ ጥሩዬ በርበሬ የሚተከልበት መደብ ነበር። እማሆይ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለአባቴ የእርሻ ምሳ ይዤ ሳልፍ ጠርተው ትኩስ ድንች ያጎርሱኝና፣ አፌን ሲያቃጥለኝ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ክረምት አባቴ ሲያርስ የእኛንና የእማሆይን መሬት ለመለየት በድንበር የተተከለውን እሬት ገለበጠው፤ ሳላየው ነው አለ። እማሆይ ሽማግሌና የሚካኤልን ቄስ ጠሩ። በእኛ አገር ድንበር ሲያጠራጥር በዚያ የሚመላለስ ልጅ ይጠየቃል፤ ልጅ አያዳላም ይባላል፣ ልጅ አባቱን እንደሚፈራ ግን ማንም አያነሳም። ቄሱ «በይ ልጄ፣ እሬቱ በነበረበት ሂጂ፤ እኛ እንከተልሻለን» አሉኝ። ድንበሩን እንደ ደጃችን አውቀው ነበር። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔም ውሃ የሚጠጋውን ለምለሙን ወደ እኛ አስቀርቼ በእማሆይ መደብ መካከል ሄድሁ። በዱካዬ ላይ አዲስ እሬት ተተከለ።

እማሆይ የቀረቻቸውን ደረቅ መሬት በእንስራ እያጠጡ ሁለት ዓመት ታገሉ፣ አልሆነም፤ ቡሬ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ቤታቸው ፈረሰ። አባቴ ሲሞት መሬቱ ለእኔ ደረሰ። በቡሬ ስንት ጊዜ አልፌ ሳልጠይቃቸው እንደቀረሁ ሳስብ አፍራለሁ፤ የዚያን የጥር ዕለት ግን እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የሄድሁት።

ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝና አገላብጠው ሳሙኝ። «እማሆይ፣ ያን ጊዜ ድንበሩን ስመራ...» ብዬ ጀመርሁ።

አላስጨረሱኝም። «ተይው ልጄ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ በሕፃን እግርሽ እውነቱን ስታሳይኝ፣ ለካ ዕድሜ ልኬን የሰው መሬት ሳርስ ኑሬ። ለነፍስ አባቴም ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝን የስግደት ቀኖና ግን ጉልበቴ አልችል ብሎ ገና አልጨረስሁም» አሉኝ።

የጀመርሁትን ሳልጨርስ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።