ኮፔይ የማይጠይቀው ክሊኒክ

ሕመሙ የጀመረኝ ከጣቶቼ ነው። አንድ ጠዋት ሪችፊልድ ከተማ ካለው አፓርታማችን ወርጄ መኪናዬን ላስነሳ ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። አብጠው ነበር። ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ ተጓዦችን በዊልቸር መግፋት ስለሆነ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። እየቆየ ግን የልብሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ሰሚራ ሆነች።

ጎረቤቴ ዘሃራ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። "እኛ ጋ ነይ፤ ኢንሹራንስ ካለሽ ኮፔይ አንጠይቅም" አለችኝ። ኮፔይ ማለት ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው ሌላ ታካሚው በየቀጠሮው ከኪሱ የሚያወጣው ድርሻ ነው። ለእኔ ከባድ ስለነበር መርቄያት ሄድኩ።

ሐኪሙ አንደበቱ ለስላሳ ነው። "የሥራ ጫና ነው፤ ይሻልሻል" አለኝ። በየሳምንቱ ትከሻዬን መርፌ ይወጋኛል። አልተሻለኝም። ጉልበቴንም ያዘኝ። ምን እንደሚወጋኝ ልጠይቀው እልና እተወዋለሁ። ሳልከፍል እየታከምኩ በምን አፌ? ሰሚራ "ማም፣ ጀስት አስክ ሂም!" ትለኛለች፤ ጠይቂው እንጂ ማለቷ ነው። እኔ ግን ሳልጠይቅ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከኢንሹራንሱ አንዲት ሴት ደወለች። በሰሚራ አስተርጓሚነት፣ "ጉልበትሽ ላይ የምታስሪው ድጋፍ ተስማማሽ ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። የምን ድጋፍ? ማንም አልሰጠኝም አልኳት። ለካ ክሊኒኩ በስሜ ኢንሹራንሱን አስከፍሎበታል።

ያን ክሊኒክ ትቼ ኢገን ከተማ ወደምትገኝ የመገጣጠሚያ ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሟ የደም ምርመራውንና ኤክስሬዩን አይታ፣ "ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ መገጣጠሚያሽን እያጠቃ ነው" አለችኝ። "የሁለት ጣቶችሽ ጉዳት አይመለስም። የቀሩትን ግን ማዳን እንችላለን።"

አለቀስኩ። ደክሞኝ ነበር።

ስወጣ የሂሳብ ሠራተኛዋን ኮፔዩን እንዲተዉልኝ ለመንኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ለመጣው ሁሉ ዝም ብለን ብንተው ሕግ መጣስ ነው" አለችኝ። "ለኢንሹራንሱ 'ታካሚዋ ድርሻዋን ትከፍላለች' ብለን ሂሳብ ልከን፣ በጓሮ ብንተውልሽ ማታለል ይሆናል። በዚህ መንገድ ሰው ስበው የማያስፈልግ ሕክምና የሚያበዙም አሉ። በእርግጥ ካልቻልሽ ግን ገቢሽን አይተን መቀነስ ወይም መተው እንችላለን።"

ገቢዬን አይተው ተዉልኝ።

ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእሱ ጋር የጎንዮሽ ጉዳቱን የሚቀንስ ፎሊክ አሲድ መውሰድ ጀመርኩ፤ ጉበቴን እንዳይጎዳው ደሜን እየመረመሩ፣ መጀመሪያ ማቅለሽለሹ እያንገላታኝ፣ ቀስ በቀስ እብጠቱ እየጎደለ ሄዶ ከብዙ ወራት በኋላ የሰሚራን ጸጉር እንደገና መጎንጎን ቻልኩ።

በዚያ ስልክ መነሻነት የመጡ መርማሪዎች ስለ ክሊኒኩ ሲጠይቁኝ ያየሁትን ተናገርኩ። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ዘሃራም ሥራዋን አጣች። አሁን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። አልፈርድባትም፤ ደግ የሠራች መስሏት ነበር። ቢሆንም ሰላምታዋ ይናፍቀኛል።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቀለል ያለ ሥራ ላይ ነኝ። ሐኪሟን፣ ያቺን የሂሳብ ሠራተኛ፣ ሳትሰለች ያስተረጎመችልኝን ልጄን አላህ ይባርክልኝ። እናንተም ኮፔይ ከከበዳችሁ "ፋይናንሺያል አሲስታንስ፣ የክፍያ ድጋፍ፣ አላችሁ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ አያሳፍርም። መርፌ ሊወጋችሁ የመጣውንም፣ ከፈላችሁም አልከፈላችሁም፣ "ይህ ለምንድን ነው?" በሉት። ክንዱ የእናንተ ነው።