ማንንም ያላስነጠሰው በርበሬ

በቆሰበር ከተማ ብርድ ጉንፋን የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት ሽታዬ ቤት ብቅ ይላል። ሽታዬ የሠርግና የተዝካር ወጥ ሠሪ ናት፤ ምላሷም ከሚጥሚጣዋ አይተናነስም። «በርበሬ አፍንጫ ይከፍታል፣ ደረት ያላቅቃል፣ የተዘጋ ሆድ ያስርባል» እያለች ትኩስ ቅቅል ላይ ሚጥሚጣ ነስንሳ ታቀርባለች። የበላው ሰው ያልበዋል፣ አፍንጫውን ይጠራርጋል፣ መርቋት ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን ጉንፋኑ ወደ ራሷ ዞረ። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ተዋት፤ የማሽተት ችሎታዋ ግን ሄዶ ቀረ። ሚጥሚጣ በሾርባ ጠጣች፣ ፌጦ በሎሚ ዋጠች፤ እንባዋ ወረደ እንጂ አፍንጫዋ ወይ ፍንክች! ለሰው ሁሉ የሠራ መድኃኒት ለባለቤቱ እምቢ ሲል እንዴት ያናድዳል! ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አፍንጫዬ ጠፋ ላለች ወጥ ሠሪ ማን ድስት ይሰጣታል?

እንዲህ እንዳለች የደንበኛዋ የየሻረግ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቁሌቱ የሚቁላላው ግን ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነውና ቅቤ የገባበት ድስት አይቀመስም። ያን ቀን ወጥ ሠሪ የምትሠራው በአፍንጫዋ ነው።

የሻረግ የበርበሬውን ማዳበሪያ ፈትታ «በይ እቴ፣ አሽትችና ፍረጂ» አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ ዐይናቸውን ጣሉባት። ሽታዬ አጎንብሳ በረጅሙ ሳበች። ምንም የለም። ቀና ብላ «እሰይ! በርበሬ ማለት እንዲህ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ድስት ሽንኩርት ሲበስል በርበሬውን ጨመረችና እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች። ደህና በርበሬ ትኩስ ሽንኩርት ላይ ሲወድቅ ድንኳኑ በሙሉ ያስነጥሳል። ማንም አላስነጠሰም። ሴቶቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ቅቤውን ጨምራ አማሰለች፤ ቁሌቱ አመድ መሰለ እንጂ አልቀላም። ሁለት ትልልቅ ድስቶች ገና በርበሬ እየጠበቁ ነው። በርበሬው የሻገተ ከሆነስ? ሠርገኛው ሆዱን ይዞ ቢያድርስ? የሙሽራዪቱ ቀንና የእሷ ስም አብረው አፈር ሊገቡ ነው።

«ኧረ ሁለቱም ላይ በርበሬውን ጨምሪ! ሽንኩርቱ ሊያርርብሽ ነው!» ብላ የሻረግ ጮኸች።

ከአጥሩ ማዶ የየሻረግ ጎረቤት ፋና ልብስ ታሰጣለች። ፋና ጴንጤ ስለሆነች ዓርብን አትጾምም፤ በድግስ ቀንም ወደ ማድ ቤት የሚጠራት የለም። አምና በአንድ ተዝካር ላይ «እሷን ከድስት አርቁልኝ» ያለችው ራሷ ሽታዬ ናት፤ ያውም ፋና እየሰማች።

ሽታዬ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ፋና! ነይማ ልጄ፣ ቅመሽልኝ።»

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች የሻረግ።

«አፍንጫዬ ጠፍቷል። እበትና ቅቤ ብታቀርቢልኝ አልለይም። ቅድም ዋሸሁሽ።»

ፋና እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። ከማማሰያው ጫፍ በመዳፏ ተቀብላ ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ። «እትዬ ሽታዬ፣ አይቀየሙኝና ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ይመራል።»

የሻረግ እጇን ማዳበሪያው ውስጥ እስከ ክርኗ ሰደደች። ክረምቱን መሬት ላይ የከረመው በርበሬ ከሥሩ ተጓጉሎ ወጣ። ለአፍታ ሽታዬን ትክ ብላ አየቻት። ሽታዬ መባረሯን ስትጠብቅ ቆመች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የኖረው ለካ ለእሷ ነበር።

«እኔ ቤት በቅርቡ ያስፈጨሁት አለ» አለች ፋና ዝግ ብላ።

«አምጪዋ!» አለች የሻረግ። የመጀመሪያውን ድስት ወደ ጓሮ ይዛ ሄዳ ደፋችው።

የፋና በርበሬ ሁለተኛው ድስት ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው እያስነጠሱ ወደ ውጭ ሮጡ። ሽታዬንም አስነጠሳት፤ ሽታው ግን አልመጣም። አጠገቧ የቀረችው ፋና ብቻ ናት፤ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«እትዬ ሽታዬ፣ ዘንድሮስ ከድስት አያርቁኝም?»

ሽታዬ አፈረች። አንገቷን ደፍታ ቅቤውን ጨመረች፣ ብዙ ጊዜ አማሰለች፣ ከዚያ ማማሰያውን ወደ ፋና ዘረጋች።

«ቅመሽ» አለች።