የእናቴ ውዱእና የእትዬ አስካለ ግድግዳ

ቅዳሜ ነው፣ ነሐሴ ውስጥ። ለገሃር ከምሠራበት ሱቅ ለምሳ ወደ ቤት ስመለስ እናቴን ግቢው ቧንቧ ሥር አገኘኋት... ዝናቡ ያካፋል። እሷ ሻርፗን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ አጥሩን ተደግፋ እግሯን ትታጠባለች። ጉልበቷን የሚያማት ሴት! ቤት ውስጥ ሳፋና ማንቆርቆሪያ እያላት!

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለሶላት ውዱእ እያደረግኩ ነዋ።»

«በዝናብ?»

«እዚህ ይሻለኛል።»

እናቴ «ይሻለኛል» ካለች የደበቀችኝ ነገር አለ ማለት ነው። ነዝንዤ ነዝንዤ አወጣጣኋት። ለካ አከራያችን እትዬ አስካለ «በቀን አምስት ጊዜ ውሃ እያፈሰሱ ግድግዳዬን አበሰበሱት፤ ከእንግዲህ ቤት ውስጥ እንዳይታጠቡ» ብለዋታል። ሳምንት አልፏታል። የንጋቱን ሱብሂ እንኳን እኔ እንዳልሰማ በሩን ቀስ አድርጋ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ ውጭ እየታጠበች ነው የሰገደችው።

ቂርቆስ ነበር ያኔ የምንኖረው። ከእትዬ አስካለ ቤት ጋር የተያያዘች አንድ ክፍል፣ መሃላችን ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚያ በኩል የሳቸው ሳሎን፣ በዚህ በኩል የኛ አልጋ። ግድግዳው እውነትም በስብሷል። ክረምቱ ሲጠና ቡናማ እድፍ ወጣበት፣ ኖራው እየተላጠ አልጋችን ላይ ይረግፋል። ግን እድፉ የሚጀምረው ከላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ነው። እናቴ ደግሞ የምትታጠበው መሬት ላይ በተቀመጠ ሳፋ ውስጥ ነው... ውሃው ከሳፋ ተነስቶ ኮርኒስ ወጥቷል እንግዲህ።

ደሜ ፈላ። ምሳዬንም ሳልበላ ቀጥ ብዬ እሳቸው ጋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ እድፉ እኮ ከላይ ነው የሚመጣው። ጣራው ነው የሚያፈሰው።»

«የጭቃ ቤት ውሃ ይመጥጣል ልጄ፣ ወደ ላይ ይወጣል። አታውቂም እንዴ?»

«ማለቴ... እኛ ከመግባታችን በፊትም የነበረ ይሆናል።»

«ስትገቡማ ነጭ አድርጌ ነው የሰጠኋችሁ። ቀለሙ እንኳን በደንብ አልደረቀም ነበር፣ ረሳሽው?»

እውነታቸውን ነው። ጥቅምት ላይ ስንገባ ቤቱ ትኩስ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር፣ እኔም ለኛ ብለው ያሳመሩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጨመሩበት። ወይ ግድግዳውን በራሳችን እናስመርጋለን፣ ወይ ቤት እንፈልጋለን። በዚያ ክረምት እናቴን ይዤ ቤት ፍለጋ!

አላስችል አለኝና ጎረቤታችንን ጋሽ ታደሰን ጠራኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። መጥተው የኛን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት።

«እርጥብስ እርጥብ ነው... ግን መቼ እንደጀመረ በዚህ አይታወቅም። አስካለ፣ ባንቺ በኩልስ?»

«በኔ በኩል ምን አለበት? ኑ ግቡና እዩት። ከነሱ የመጣ ለመሆኑ ምስክሩ እሱ ነው።»

ገባን። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ሳሎኑ በዘይት ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ ነጠብጣብ የለበትም። ለኛ ኖራ፣ ለራሳቸው የዘይት ቀለም። እሱም አናደደኝ፣ ተስፋዬም ተሟጠጠ። ግድግዳው መሃል ላይ በመስታወት ተከድኖ የተሰቀለ የማርያም ሥዕል አለ። ጋሽ ታደሰ ሊሳለሙ ጠጋ አሉና ቆም አሉ።

«አስካለ፣ ሥዕሏ ጠርዟ ላይ ምን ሆና ነው የሻገተችው?»

«እንጃ፣ አርጅታ ይሆናላ።»

«እስቲ አንዴ እናውርዳት።»

«ኧረ በስመ አብ በሉ! ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ከሰቀላት ወዲህ ማንም ነክቷት አያውቅም። ቀለም ቀቢውን ራሱ፣ ዙሪያዋን ቀባ እንጂ እሷን እንዳትነካ ነው ያልኩት።»

«የትኛውን ቀለም ሲቀባ?»

«ይሄንኑ ነዋ፣ እነዚህ ሊገቡ ሲሉ ሁለቱንም ቤት ያስቀባሁትን።»

ጋሽ ታደሰ አማተቡና ሥዕሏን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው አወረዷት።

ከኋላዋ አሮጌ አረንጓዴ ቀለም፣ ልክ በሥዕሏ መጠን። አረንጓዴው ላይ ያው የኛ እድፍ... ቡናማ፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ አንዱ ክረምት በሌላው ላይ የደራረበው። አዲሱ ቀለም የሚጀምርበት ጋ ሲደርስ ከቀለሙ ሥር ገብቶ ይጠፋል። በቃ። እድፉ ከቀለሙ ይቀድማል፣ ቀለሙ ደግሞ ከኛ ይቀድማል።

እኔ እናቴን ይቅርታ ሲጠይቋት ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ።

«ታዲያ የበፊቶቹ ተከራዮች ናቸዋ» አሉ እትዬ አስካለ። «እነሱም ውሃ ይወዱ ነበር።»

«አስካለ፣ ጣራሽን አሠሪ» አሏቸው ጋሽ ታደሰ።

«እሱንማ አሠራለሁ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩና በጣም በለሰለሰ ድምፅ «በቃ እማማ ዘይነባ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። ቤት ውስጥ ይታጠቡ» አሏት።

ይቅር ብያለሁ! ጣራው የሳቸው፣ እድፉ የሳቸው፣ ቀለም ቀብተው የሸፈኑት እሳቸው። ሳምንት ሙሉ ዝናብ ላይ የቆመችው እናቴ። ይቅር ባይዋም እሳቸው ሆነው ቁጭ አሉ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና «አላህ ይስጥልኝ» ብላቸው ወደ ቤት ገባች።

ይኸው ስንት ዓመቱ... ይቅር እንደተባልን አውቃለሁ፣ ያጠፋነውን ነው እስካሁን ያላገኘሁት።