ሽማግሌ የተቀመጠበት ሞላ

በቾ ቦሬ ሰፈር ባለችው ሱቄ ሞላ እሠራለሁ፤ የበር፣ የወፍጮ፣ የሞተር ሳይክል፣ የቡና መፈልፈያ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓይነት ድንቁርና አይቻለሁ። የእህቴን ባል የሚያህል ግን አልገጠመኝም።

አማቼ ሰርቦ ከተማ ላይ አንድ ያገለገለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ገዝቶ ተከለ። ቡናው በሚሽከረከር ከበሮና በአንድ ላሜራ መካከል እየተጨመቀ ነው የሚፈለፈለው። ላሜራውን ግራና ቀኝ ሆነው ወደ ከበሮው የሚገፉት ሁለት ሞላዎች አርጅተው ነበር። ጭንቁ የእህቴ ነው። የጎረቤት ሴቶችን "እሸታችሁን እኛ ጋ አምጡ" ብላ በራሷ ቃል የሰበሰበችው እሷ ናት። ቀይ ቡና ተለቅሞ ካደረ ይበላሻል። ከተበላሸባቸው ደግሞ ዳግመኛ አያምኗትም።

ለሞላ የሚሆን ሽቦ ከመርካቶ አስመጥቼ ይዤለት ሄድኩ። ጥቁርና ቀጭን ነው። አማቼ አይቶት ሳቀ። ቤት ሲሠራ የተረፈውን ፌሮ ከግድግዳው ሥር ጎትቶ አመጣና "ይሄ ፎቅ ይሸከማል! ያንተው ምን ይሸከማል?" አለኝ። ፎቅ የሚሸከም ሁሉ ሞላ ይሆናል ብሎ ለሚያምን ሰው ምን ይባላል? ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል። ሞላ ተጨምቆ መመለስ አለበት። ሁለቱንም ጉልበቴ ላይ አጠፍኩለት፤ ሽቦዬ ተስፈንጥሮ ቀጥ አለ፣ ፌሮው እንደተጣመመ ቀረ።

"አየህ ጋሼ?"

"አየሁ እንጂ! የኔ ታዛዥ ነው። ያንተ እልኸኛ ነው፤ ማሽኔን ይሰብርብኛል።"

ብረትን እንደ ሙሽራ በጠባይ ይመርጣል! በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር፤ ሽማግሌ ጠራ።

አልቀለድኩም፣ ስለ ሞላ ሽማግሌ ተቀመጠ። ድንበርም፣ ፍቺም፣ የጠፋ በግም በሽማግሌ ያልቃል፤ ብረት ለምን ይቀራል? ሦስት ትልልቅ ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሽቦዬንና ፌሮውን ተራ በተራ በእጃቸው መዘኑ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኤዬ ልጄ፣ አንተም ልክ ነህ፣ እሱም ልክ ነው። በአንዱ በኩል ያንተ ይግባ፣ በሌላው የሱ። ኢንሻአላህ ይስማማሉ።"

"አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና ብረት አይታረቅም" አልኳቸው።

"ሰው ተስማምቶ ብረት እምቢ ይላል እንዴ?" አሉና ሁሉም ሳቁ።

የሽማግሌ ቃል ማፍረስ ነውር ነው። እህቴም በዓይኗ ለመነችኝ። የራሴን ሠራሁ። ፌሮውን ግን አልነካም ስላልኩ እዚያው ያለ በያጅ ጠመዘዘለት።

ማሽኑ ሲነሳ የኔ ሞላ ያዘ፤ የፌሮው ሟሽሾ ቀረ። ላሜራው በአንድ ጎኑ ተከፈተና እሸቱ ከነልጣጩ ወደ ገንዳው ይጎርፍ ጀመር። እንደሚሆን አውቄ ነበር፤ ማወቄ ግን ንዴቴን አባሰው እንጂ ደስ አላሰኘኝም። ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ቆመዋል። እህቴ እጇን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ከታ፣ እያለቀሰች ያልተፈለፈለውን ትለቅማለች።

አማቼ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ሽማግሌዎቹን መልሶ ጠራ። እነሱም ማሽኑን ዞረው ዞረው ጥፋተኛውን አገኙት፤ የኔ ሞላ ከመጠን በላይ ጠንክሮ ደካማ ጓደኛውን ተጭኖታል። አማቼን ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ።

ጉልበቱን ለመሳም ጎንበስ ስል እህቴ ከገንዳው ተነሳች። ያልተነካውን ጆንያ ሁሉ ጋሪ ላይ ታስጭን ጀመር። ከወንዙ ማዶ ሌላ መፈልፈያ አለ፤ አማቼ የባለቤቱን ስም እንኳ መስማት አይወድም።

"ወዴት ነው?" አላት።

"ሽማግሌ ወደማያስፈልገው ማሽን" አለችው፤ ዞራም አላየችው።

ሴቶቹ ተከተሏት። እኔም ጉልበቱን ትቼ ጆንያ ተሸከምኩ። ትልቁ ሽማግሌ ምርቃት ጀምረው ስለነበር አላቋረጡም፤ አሜን የሚላቸው ግን አማቼ ብቻ ነበር።