ሞተሩ ስንት ያወጣል? ከጉለሌ ሱሉልታ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ዊንጌት

ጋሼ ተካ ሞተሩን ደጄ ላይ ሲያስነሱት የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ጮኸ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሁለት ዙር አስሬ ከኋላቸው ተቀመጥሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት እርሳስ፣ አንድ ላጲስና ሃያ አምስት ባዶ ቅጽ አለ።

ስለ ሞተሩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከወዳጅ ሀገር በሳጥን ታሽጎ የመጣ ናሙና ነው። ቀይ ቀለም፣ ጥርሳም ጎማ፣ ሽቅብ የተቀለበሰ ጭስ ማውጫ፣ ከመሬት ራቅ ያለ ሆድ። ለአስፋልት አልተሠራም፤ ለኮረኮንች፣ ለጭቃና ለዳገት ነው። የምሠራበት የንግድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ሞተር ያስመጣ አያስመጣ ገና አልወሰነም። የክፍላችን ኃላፊ ዓርብ ዕለት ጠሩኝና፣ «ጓድ አስካለ፣ ከሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር በታች ከተሸጠ ኪሳራ ነው። ከዚያ በላይ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ካለ ሰኞ ጠዋት ስሙን አምጪልኝ። ከሌለ ናሙናውን በመጣበት ሳጥን እመልሰዋለሁ» አሉኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስሁት በማታ ትምህርት ነው። ለብቻዬ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ጥናት ደግሞ ይህ ነው። ስለዚህ ቅጹን ራሴ አዘጋጀሁት፤ አሥራ አንድ ጥያቄ፣ ሁሉም በማስመሪያ የተሰመረ።

«ያዢኝ እንጂ!» አሉ ጋሼ ተካ። የመሥሪያ ቤታችን መካኒክ ናቸው፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ እዚሁ ጉለሌ ተወልደው ያደጉ።

«ይዣለሁ ጋሼ።»

«ቦርሳሽን ነው የያዝሽው። እኔን ያዢኝ!»

ያዝኋቸው። ሄድን።

1 ሰዓት ተኩል፤ ሽሮ ሜዳ

ሸማኔዎቹ ከእኛ ቀድመው ሥራ ጀምረዋል። ከየጎጆው የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ደጅ ላይ የተሰቀለ ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ጥለቱ ያልተቋጨ ነጠላ። ጋቢ አርባ አምስት ብር፣ ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም።

የሸማኔዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ማሻ ሞተሩን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጡ። ዞሩት፤ ጎማውን በጥፍራቸው ቧጨሩት።

«በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?»

«ሠላሳ አምስት» አሉ ጋሼ ተካ።

«ክር ቢጫንበትስ? ተራራውን ተሻግሮ ሱሉልታ ገበያ ጋቢ ያደርሳል?»

«ያደርሳል።»

የአቶ ማሻ ዓይን በራ። ልቤ ደስ አለውና ቅጼን አወጣሁ። እርሳሴን ቀርጬ ስማቸውን ጻፍሁ፤ ከዚያ ወደ አራተኛው ጥያቄ ሄድሁ። «የወር ገቢዎ ስንት ነው?»

የመወርወሪያው ድምፅ ባንዴ ቆመ። አቶ ማሻ ወደ ውስጥ ገብተው በክር የታሰረ ደረሰኝ ይዘው ተመለሱ።

«እመቤቴ፣ መዋጮ የተባለውን ሁሉ ከፍለናል። ይኸው፣ ማኅተሙን እዪው።»

«ኧረ መዋጮ አይደለም! የሞተር ዋጋ እያጠናሁ ነው።»

«ሲጀመር እንደሱ ነው የሚጀመረው።»

«እሺ፣ ለዚህ ሞተር ስንት ሊከፍሉ ይችላሉ?»

«ምንም። ድሃ ነኝ።» ከኋላቸው እስከ ጣሪያው የተቆለለ ጋቢ ይታየኛል።

ዜሮ ብዬ ጻፍሁ። ሰባት ሰው ጠየቅሁ፤ ሰባት ዜሮ።

3 ሰዓት፤ እንጦጦ

ዳገቱን እንዴት እንደወጣነው ብጠየቅ የማውቀው የጋሼ ተካን ኮት ስፌት ብቻ ነው፤ ዓይኔን አልገለጥሁም። ማርያም አጠገብ ስንደርስ ገለጥሁ። ከታች አዲስ አበባ፣ ቆርቆሮና ዛፍ፣ ጉም ለብሳ ተኝታለች። ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆነጥጣል።

የባሕር ዛፍ ሸክም የተሸከሙ ሴቶች በእግር መንገዱ ሲወርዱ አገኘናቸው። አንዷ ወገቧን ሳታቃና ጮኸችብኝ።

«እትዬ! ውረጂና እኔ ልቀመጥ!»

«እንጨቱንስ የት ታደርጊዋለሽ?»

«እንጨቱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት፣ ሽማግሌው በእግሩ!»

ጋሼ ተካ ሳቃቸው አፍኗቸው ሞተሩን አጠፉት። እኔም ሳቅሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ አስፋልት የለም። ድንጋይ፣ የዝናብ ውኃ የሸረሸረው ቦይ፣ ሥር፣ ጭቃ። ሞተሩ ግን ፍየል ነው። ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ወረደ፤ ጉልበት የሚደርስ ወንዝ ገብቶ እየጨሰ ወጣ። ማዶ ስንደርስ ጫማዬ ውኃ ሞልቷል። «እንደገና እንሻገረው?» አሉኝ ጋሼ ተካ። እንደገና ተሻገርነው። ለጥናቱ አስፈላጊ ነበር ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ፤ አልነበረም።

5 ሰዓት፤ ሱሉልታ

ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ላሙ ብዙ፣ ሰማዩ ሰፊ። አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ድፎ ዳቦ በቁራሽ አሥር። ገበሬዎቹ ሞተሩን እንደ በቅሎ ከበቡት።

«በቀን ስንት ጊዜ ይበላል?» አለ አንዱ።

«ሲሄድ ብቻ ነው የሚበላው» አሉ ጋሼ ተካ።

«ይኼማ ከእኔ በቅሎ ይሻላል። ሲሞትስ ቆዳው ይሸጣል?»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ሥራ ነውና ቅጼን አወጣሁ። ወረቀቱ ሲታይ ሁሉም አንድ የጠፋ ጥጃ ትዝ አለው፤ ተበተኑ። ያልሮጡት ስምንት ሽማግሌዎች «ገንዘብ ምን እንደሚመስል ረስተናል» አሉ። አሥራ አምስት ዜሮ ሆነ። ሞተሩ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ታየኝ።

ጋሼ ተካ ዳቦአቸውን በወተት ነክረው በሉ። ኋላ፣ «አስካልዬ፣ አትቆጪ እንጂ አንድ ነገር ልበልሽ» አሉ።

«ይበሉ ጋሼ።»

«ትርፍ ቤት ሊወረስ ሲቆጠር የመጡት ቅጽ ይዘው ነው። መዋጮ ሲሰበሰብም እንዲሁ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ለወረቀት የሚነግር ሰው የታለ?»

«ታዲያ ዋጋ እንዴት ይጠየቃል?»

«አንቺ አትጠይቂም። እነሱ ናቸው የሚጠይቁሽ። ከፍ አድርገሽ ትጠሪያለሽ፤ ሰውየው ዝቅ ያደርጋል። ትወርጃለሽ፤ ይወጣል። በቃ፣ እግሩን ተክሎ አልነቃነቅ ያለበት ቦታ እሱ ዋጋው ነው።»

እኔ ተከራክሬ ገዝቼ አላውቅም። የምሸምተው ከቀበሌ ሱቅ ነው፤ ዋጋው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ተሰልፌ እከፍላለሁ። ቅጾቹን ግን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር ቀበርኋቸው።

9 ሰዓት፤ ሸጎሌ

በጎጃም መንገድ ወርደን፣ ኬላው ላይ ወረቀታችንን አሳይተን ሸጎሌ ገባን። በየቀኑ ገበያ አለ፤ ቅዳሜ ግን ይደራል። በሬ፣ በግ፣ አቧራ፣ ዱላ፣ ጩኸት። እዚህ ሁሉም ነገር የሚለካው በበሬ ነው፤ ደህና በሬ አራት መቶ ብር ያወጣል።

ሞተሩን በሁለት ወይፈኖች መካከል አቆምነው። እኔ ዝም አልሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው መጡ። ሐጂ ሰይድ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ የበግና የቆዳ ነጋዴ።

«ስንት ነው?»

«አራት ሺህ ስምንት መቶ።»

«ልጄ፣ ሞተሩን ነው ወይስ ገበያውን ከነበሬው?»

«ሞተሩን ነው ሐጂ። እንጦጦን በእግር መንገዱ ተሻግሮ ነው የመጣው።»

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ።»

«በዚያ ዋጋ ጎማውን ይዘው ይሂዱ» አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ሰው ሳቀ፤ ሐጂም ሳቁ፤ ደላላ በመካከላችን ገባ። ሦስት ሺህ አሉ፤ አራት ሺህ ስድስት መቶ አልሁ። ሐጂ ጥለው ሄዱ፤ ጋሼ ተካ ሞተሩን ሊያስነሱ ቀረቡ፤ ሐጂ ተመለሱ። ሦስት ሺህ ሰባት መቶ። አራት ሺህ ሦስት መቶ። ፊቴ ጋለ፤ ጫማዬ አሁንም እርጥብ ነው፤ እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን ማንም አልነገረኝም።

«አሥር በሬ!» አሉ ሐጂ። «አራት ሺህ። ወላሂ ከዚህ አልነቃነቅም።»

«ጊደር ይጨምሩበት።»

ደላላው ልዩነታችንን ለሁለት ከፍሎ የሁለታችንንም ቀኝ እጅ ያዘ። «አራት ሺህ ከመቶ አምሳ! ይባርክ!» ብሎ መዳፌን ከሐጂ መዳፍ ጋር አጋጨው። እግራቸውን የተከሉበትን ቦታ አገኘሁት ብዬ እርሳሴን ሳወጣ፣ ሐጂ ከኪሳቸው ትንሽ የቀለም ቆርቆሮ አወጡ፤ ጣታቸውን ነከሩና የሞተሩ የኋላ ጭቃ መከላከያ ላይ ሰማያዊ ቀለም ለቀለቁ።

ጋሼ ተካ ራሳቸውን ያዙ። «የመንግሥት ንብረት!»

«ምን ሆኑ? የገዛሁትን ሁሉ ምልክት አደርጋለሁ» አሉ ሐጂ።

እጅ ከተመታ ሽያጩ አለቀ ማለት እንደሆነ በሸጎሌ ገበያ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ናሙናውን ሸጬዋለሁ። እየተንተባተብሁ አስረዳኋቸው፤ ለጥናት ነው፣ ወሳኙ ሌላ ሰው ነው አልሁ። ቀብድ ሲዘረጉልኝ እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «ሰኞ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ይህን ጊዜ ከዳር ሲያዩ የነበሩት ነጋዴዎች ተጋፉኝ። «ሌላ የለም?» «እኔን ጻፊኝ!» «እኔ ነኝ የምቀድመው!» ጠዋት ዋጋ የሚነግረኝ ያጣሁት ሰው አሁን በወረፋ ተጣላ። በቅጾቼ ጀርባ የዘጠኝ ሰው ስም ጻፍሁ።

ሰኞ፤ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ እንደገና ሸጎሌ

ኃላፊዬ ሰማያዊውን ቀለም በጣታቸው ፈተጉት። አልለቀቀም።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ተሽጧል ጓድ። አራት ሺህ ከመቶ አምሳ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሐጂ ሰይድ ገንዘባቸውን በፎጣ ቋጥረው በር ላይ ደረሱ። ሁለቱ ግማሽ ሰዓት ተነጋገሩ። በመጨረሻ ናሙናው ለሐጂ ተሰጠ። ኃላፊዬ ለእኔ ደግሞ፣ «የጻፍሻቸው ዘጠኝ ሰዎች በዚሁ ዋጋ ከፈረሙ ትእዛዙን ዛሬውኑ እልካለሁ። ካልፈረሙ ነገሩ ያበቃል» አሉኝ።

ጋሼ ተካ ሐጂን ከኋላ አፈናጥጠው ሸጎሌ ሊያደርሷቸው ወጡ፤ እኔ በውይይት ታክሲ ተከተልሁ። ዕቃ ገዝቶ የሚመለስ ሰው በየመንገዱ «ስንት ገዛህ?» መባሉ የታወቀ ነው፤ ዋጋውን ቀንሶ መናገሩም የታወቀ ነው። ሐጂም መንገድ ላይ እንዲሁ እንደሚያደርጉ ግን እስከዚያ ድረስ አላሰብሁትም። ፒያሳ የተሳፈረች ሴት፣ «አንድ ሐጂ ቀይ ሞተር በአራት ሺህ ገዙ» አለች። መድኃኔዓለም ጋ የገባው ወታደር፣ «በሦስት ሺህ ሰባት መቶ ነው ያሉት» ብሎ አረማት። ሸጎሌ ስደርስ ዘጠኙም ሞተሩን ከበው ቆመዋል።

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ ከሆነ እንፈርማለን» አሉኝ።

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ሰማይ ያያሉ። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሩ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ያላለኝ ቀን አልነበረም። አንድ የድንጋይ ክምር ላይ ወጣሁና በገበያው ሙሉ ጮኽሁ።

«ሐጂ ሰይድ! እጃችን ሲመታ ስንት ነበር? በሐጅዎ ይንገሯቸው!»

በሬዎቹ ሳይቀሩ ዞሩ። ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«አይ አንቺ ሴትዮ! አራት ሺህ ከመቶ አምሳ ነው።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ደላላው ጀርባውን ለጠረጴዛ ሰጠኝ፤ አንድ በአንድ ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው። ዘጠነኛው ጣቱን ከቀለሙ እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ሰው ከጠየቀሽ ግን በሦስት ሺህ ገዛ በይልኝ።»