ለሁለታችን የመጣው አውራ ዶሮ

ከትናንት ጀምሮ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ከማዕድ ቤቴ ጠረጴዛ እግር ጋር ታስሮ ይጮሃል። ጊዜ አይመርጥም፤ ጎህ ሲቀድም፣ የተማሪ ፈተና ሳርምም፣ ስልክ ሳናግርም ይጮሃል። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ብቅ ብላ «መምህርት፣ ዶሮ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?» ብላ አሾፈችብኝ። እኔ ግን ያ የላባና የገለባ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ቆርቆሮዋ በቀትር የምትንጣጣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተመልሼ ገባሁ። ይሄን ማን እንዳመጣው እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ስለ ሌላው አውራ ዶሮ ልንገራችሁ።

ያኔ የመሰናዶ ተማሪ ነበርኩ። የእኛ ቤት ከጀውሃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ አባቴ ማሽላና ማሾ የሚያርስ ሰው ነበር። ከገጠር ለትምህርት የሚመጣ ሁሉ እንደሚያደርገው ሸዋ ሮቢት ላይ ክፍል ተከራየሁ፤ የምትጋራኝ ልጅም ተገኘች። እሷ ከጣርማ በር የወረደች ደገኛ ነበረች። እኔ ሙስሊም፣ እሷ ክርስቲያን፤ እኔ ወሬኛ፣ እሷ ዝምተኛ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሙቀቱ አሸንፏት፣ ነጠላዋን ውሃ እየነከረች ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምታጠናው። ነጠላው አንድ ገጽ አንብባ ሳትጨርስ ይደርቃል፤ ተነስታ እንደገና ትነክረዋለች።

ድስታችን አንድ ብቻ ነበር። እሷ የእኛን እርድ አትበላም፣ እኔም የእነሱን አልበላም፤ ስለዚህ ሥጋ የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥ ድርሽ እንዳይል ተስማማን። «ሽሮ ሃይማኖት የለውም» ትል ነበር፣ ስትናገር። ከደጋ በሶና የባቄላ ቆሎ ይመጣላታል፣ ለእኔ ከቆላ የማሽላ ቂጣና ማንጎ ይመጣልኛል፤ ስንቃችንን አንድ ላይ አፍሰን እንበላለን። ረመዳን ሲገባ ፊቴ ውሃ አትጠጣም። ግቢ ውስጥ የውሃ ማሰሮ እያለ እሷም ከእኔ ጋር ከንፈሯ ደርቆ ሒሳብ ትሠራለች። ተይ፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ ብላት «አንቺ ጠምቶሽ እኔ ጠጥቼ ከሆነማ አንድ ገጽ ላይ አይደለንም» አለችኝ።

አሁን መምህር ሆኜ በየስብሰባው የተማሪ ውጤት በምን በምን እንደሚወሰን ሲተነተን እሰማለሁ። የቤተሰብ ገቢ ይባላል፣ የመጽሐፍ እጥረት ይባላል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ ያልተጠጣ ውሃ ነው። እጄን አውጥቼ ልናገር እልና እተወዋለሁ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አባቴ ከጀውሃ ሲመጣ ብብቱ ስር አንድ ጥቁር አውራ ዶሮ ሸጉጦ ነበር። ጓደኛዬ ከደጋ ያመጣችውን በሶ ልኬለት ስለነበር ውለታዋን መመለስ አስቦ ኖሯል። ከስተን አይቶን «ፈተና ሳይደርስባችሁ ሁለታችሁም ጠንከር በሉ፤ ይሄን አሳርዳችሁ ብሉ» አለ። እኛ ተያየን። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አባ፣ በማን እጅ ይታረድ?» አልኩት።

አባቴ ዶሮውን አየ፤ እኔን አየ፤ እሷን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ለክርስቲያን ጎረቤቱ በሕይወት ያለውን እየሰጠ፣ ለራሱ ቢስሚላህ ብሎ እያረደ የኖረ ሰው ነው። ሁለታችንን እንደ አንድ ቤት ልጆች ቆጥሮን ነው የረሳው። «ያ ረቢ!» ብሎ ግንባሩን መታና መሳቅ ጀመረ። አከራያችን ከሱቃቸው ወጥተው ነገሩን ሲሰሙ «ግማሹን እስላም፣ ግማሹን ክርስቲያን ያርደው እንዴ?» ብለው አባሱት። በመጨረሻ አባቴ «በሉ ይሰንብት። ፈተናችሁን ስትጨርሱ እንነጋገርበታለን» ብሎ ከአልጋዬ እግር ጋር አሰረው።

ዶሮው ሦስተኛ ተከራይ ሆነ። ጎህ ሳይቀድ ይጮሃል፤ እኔ ለሱብሂ ሶላት እነሳለሁ፣ እሷ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትጸልያለች፣ ከዚያ አብረን መጽሐፍ እንገልጣለን። የአከራያችንን ሰላጣ ቆፍሮ ጨረሰው። እሳቸውም በየቀኑ እየረገሙት የሱቃቸውን ጥራጊ ስንዴ ይበትኑለት ነበር።

ከዚያ የእሷ እናት ሞቱ። ወሬው በአከራያችን ስልክ ነው የመጣው። እንደ ደንቡ መርዶ በወጉ እስኪነገር ተብሎ «እናትሽ አሟቸዋል፣ ደረስ ብለሽ ነይ» ብለው ሚኒባስ ውስጥ አስገቧት። እሷማ የምታነበውን መጽሐፍ ይዛ ነበር የሄደችው፤ ቶሎ የምትመለስ መስሏታል። መኪናው ከዓይን ሲሰወር አከራያችን አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ። ያኔ ገባኝ።

ቀብሩ አለፈ፣ ሰልስቱ አለፈ፣ እሷ አልተመለሰችም። ፈተናው እየቀረበ ነበር። ስልክ ሲደወል የምታነሳው አክስቷ «እሷ አሁን የቤት እመቤት ናት፣ ትምህርቱ ይቅርባት» አለችኝ። ትንሽ እህቷ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ባዶ አልጋዋን እያየሁ ማጥናት አቃተኝ። አንዱን መስመር ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ ልቤ ግን ደጋ ነው። ዶሮው ሲጮህ እንኳን ተነስቼ ሰግጄ ተመልሼ እተኛ ነበር።

አባቴ ስንቅ ይዞ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ያየው አልጋዋን ነው። «ልጄስ?» አለ። ነገርኩት። ከአከራያችን ጋቢ ተዋሰና በማግስቱ አብረን ወደ ላይ ወጣን።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ በሽርጡ እየተንቀጠቀጠ «ሰው እዚህ ምን ሊያደርግ ይኖራል?» እያለ አጉረመረመ። ከለቅሶው ቤት ስንገባ አንዲት ሴትዮ ጠላ የነካው ነገር እንዳይሆን ብለው አንድ ጣሳ ደጋግመው ሲያጥቡልን አየሁ። ቆሎና ውሃ አቀረቡልን። ጓደኛዬ ጥቁር ለብሳ፣ ትንሿን አዝላ፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ስታየኝ ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። አጠገቤ ስትደርስ ግን «ዶሮው እንዴት ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

አባቴ የእሷን አባት «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» አላቸው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ አንድ ችግር አለብኝ። ለሁለት ልጆች አንድ ዶሮ ሰጥቼ አንደኛዋ ጥላኝ ወጣች። ያለ እሷ አይታረድ፣ አይሸጥ፤ እኔ በዶሮ ታሰርኩ» አለ። ለቀስተኛው ፈገግ አለ። የእሷ አባት ሳቅ አሉና ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ። አባቴ ያኔ ነው ድምፁን ዝቅ ያደረገው። «ወንድሜ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ልጅቱን ይስጡኝ። በአማና ይስጡኝ። የመጨረሻው ቀን ሲያበቃ እኔው ራሴ አምጥቼ በእጅዎ አስረክባለሁ።»

አማና ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። በአማና የተቀበሉትን ሳይጎድል መመለስ ነው። የእሷ አባት ትንሿን ልጅ ከጀርባዋ ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ቃልዎ ነው?» አሉ።

«ቃሌ ነው» አለ አባቴ።

እንዲህ ሆኖ ወረደች። አክስቷ ትንሿን ልትይዝ ተስማማች። ያኔ ያጠናነውን ጥናት በሕይወቴ ደግሜው አላውቅም። መጽሐፉ ላይ እያለቀሰች ታነባለች። ማጽናናት ሲያቅተኝ ዶሮውን እፈታዋለሁ፤ ወረቀታችን ላይ እየተንጎራደደ ሲበታትነው ትስቃለች። ፈተናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረን ወሰድን። የመጨረሻው ቀን ከሰዓት አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳን አላሳለፈም። ዶሮውን እሷ ወሰደችው። በሚኒባሱ መስኮት ጭኗ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያየኝ አስታውሳለሁ።

ውጤት ሲወጣ እሷ እኔን በልጣ አለፈች። ዩኒቨርሲቲ አብረን ልንገባ ነው ብዬ በደስታ ደወልኩላት። «አባትሽ እስከ ፈተናው ብለው ነው ያወጡኝ» አለችኝ። «ቤቱን ጥዬ እንዴት ልሂድ? ትንሿ እኮ እማዬ ትለኛለች።»

አባቴ ጋቢ ሳይዋስ፣ በዚያው በሽርጡ፣ ደግሞ ወጣ። የእሷ አባት በክብር ተቀበሉት፤ «አንቱ ያሉኝን ፈጽመዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረው የቤቴ ጉዳይ ነው» አሉት። ቃሉን የሰጠው እሱ ነው፤ ቃሉም ተፈጽሟል። ከዚያ ሲመለስ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ «አንድ ቃል አበዛሁ» አለ። እኔ ደግሞ ያ ቃል ባይኖር ፈተናውንም አትፈተንም ነበር አልኩት። አልተጽናናም። እስኪሞት ድረስ ስሟ ሲነሳ ያንኑ ይል ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሼ ልጠይቃት ወጣሁ። ከብቶቹን አስገብታ፣ እጇ ጭቃ ነክቶት፣ ትንሿ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች። ዶሮው ከበሩ ጥግ ቆሞ ነበር፤ ጥፍሩ ረዝሞ፣ ጭራው ሳስቶ። ፋሲካው አልፏል፣ ገናው አልፏል። ለምን አላረዳችሁትም ብዬ ጠየቅኳት።

«ድርሻሽ አለበት» አለችኝ። «ብቻዬን እንዴት አሳርደዋለሁ?»

ዶሮው በእርጅና ሞተ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ እኔ ሥራ ያዝኩ፣ አባቴ ሞተ፣ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ መጣ፣ ስልኳም ተቀየረ። ይኸው ነው የሆነው፤ በደንብ ተጣልተን እንኳን ቢሆን ይሻል ነበር።

ትናንት ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ደጄ ላይ የቆመችው ረጅም ልጅ ብብቷ ስር ቀይ አውራ ዶሮ ሸጉጣለች፤ ትከሻዋ ላይ የረጠበ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ማንነቷን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። የመሰናዶ ትምህርት ልትጀምር እዚሁ ሸዋ ሮቢት ወርዳ፣ ከጀውሃ ከመጣች ልጅ ጋር ክፍል መከራየቷን ነገረችኝ። እኔ ጋ ኑሪ አልኳት። «እህቴ አትፈቅድም፤ ከልጅቱ ጋር እንድኖር ነው የፈለገችው» አለች። ዶሮውን ስታቀብለኝ አመነታች።

«እትዬ፣ ለእርስዎና ለእኛ ነው ብላለች። ግን በማን እጅ ይታረዳል?»

«ይሰንብት» አልኳት። «ፈተናሽን ስትጨርሺ እንነጋገርበታለን።»

ሳቀች። የእህቷ ሳቅ አይደለም፤ የአባቷ ነው። በሩ ጋ ደርሳ አንድ ነገር ትዝ ሲላት ዞረች። «ረስቼው፤ እህቴ መልእክት አላት። 'ይቺኛዋ አማና አይደለችም፤ እንዳትመልሻት' በያት ብላኛለች። ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ አለች።»

አውቃለሁ አልኳት። ልጅቱ ስትሄድ ዶሮውን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርኩትና ስንዴ ልፈልግለት ወጣሁ።