ሁለት ግራ እጅጌ

እርጥብ ጨርቅ ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ? ትንሽ የሳሙና፣ ትንሽ የጭስ፣ ትንሽ የዝናብ ሽታ አለው። ዛሬ ጠዋት ሞጣ ላይ፣ ተከራይቼ በምኖርባት ቤት፣ ለሥራ የምለብሰውን ነጭ ጋዋን ስተኩስ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ካውያዬ የኤሌክትሪክ ነው፣ ጋዋኑም ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ሽታው ግን ያው የድሮው ነው። ካውያውን አቁሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ጤና ጣቢያ ታካሚዎች ይጠብቁኛል፣ እኔ ግን ብቸና ነበርኩ፤ ጳጉሜ ነበር፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ብቸና ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ዋናው መንገድ ዳር ያለች፣ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። አሁን የሞባይል መሸጫ ሆናለች። በቀደም በዚያ ሳልፍ አላስችል ብሎኝ ገባሁና የማያስፈልገኝን ቻርጀር ገዝቼ ወጣሁ።

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ዘመን መለወጫ ሥራው ጉድ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የበዓል ቀሚስ፣ የትልልቅ ሰዎች ኮት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ሱቅ ውስጥ ነው። አባቴ የስፌት መኪናው ላይ፣ እናቴ የከሰል ካውያው ላይ። ታላቅ እህቴ ቁልፍ ትተክላለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ትዘመዝማለች። እኔ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ የተረፈ ክር እቆርጣለሁ። አላፊ አግዳሚው "አይ የነዚህ ልጆች ልፋት!" ይል ነበር። እኔ ግን ስንት ቦታ ሠርቼ ስንት አገር አይቼ እንደዚያ ያለ ደስታ አላገኘሁም።

ሙዚቃው ራሱ! መደርደሪያው ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበረን። ድንጋዩ ሲደክም ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ በክረምት ፀሐይ ከየት ይምጣ? እናቴ ከካውያው አጠገብ ደርድራ ታሞቀዋለች። ሞቅ ሲል አንድ ዘፈን ተኩል ያዘፍናል። ከዚያ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዝም ይላል። እህቴ ይህን ነበር የምትጠብቀው። ዘፈኑን ካቆመበት ትቀበለዋለች። አባቴም የመኪናውን ፔዳል ከእሷ ድምፅ ጋር ያስማማል፤ ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስታዘገይ ያዘገያል። ዝናብ ሸሽቶ በራችን ላይ የተጠለለ መንገደኛ ሁሉ ማጨብጨብ ይጀምራል።

በዚያ ሁሉ ጨርቅ መሐል ታዲያ እኛ የሰፊው ልጆች ለዘመን መለወጫ አዲስ ልብስ ለብሰን አናውቅም። የሰው ይቀድማል። "ለመስቀል" ይለናል አባቴ። መስቀል ሲደርስ "ለጥምቀት" ይለናል። እህቴም ቁልፏን እየተከለች ስንኝ ትቋጥርለታለች፤

የአባቴ መኪና ቀን ተሌት ይጮሃል፣
የሰው ልጅ አልብሶ ልጁን ይረሳዋል።

"አንች ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጅኝ!" እያለ አባቴ ይስቃል። ሳቁ ግን ቶሎ ነበር የሚያልቀው።

ያን ዓመት ነገሩ ሌላ ነበር። የእህቴ ሠርግ ለጥር ተቆርጧል፤ የምታገባውም የሞጣ ልጅ ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት እንግጫ ለእሷ የመጨረሻው ነበር። እንግጫን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች መስክ ወጥተን፣ እየዘፈንን፣ እንግጫ የሚባለውን ሣር ከነሥሩ እንነቅላለን። በማግሥቱ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነን በቤተሰቡ ሁሉ ራስ ላይ እናስረዋለን። ያገባች ሴት ለነቀላ አትወጣም። ዘፈኑን የምታወርደው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ እህቴ ነበረች። እሷ አንድ ስትል ሃያ ልጃገረድ ይቀበላታል።

ያቺ እህቴ በመጨረሻው እንግጫዋ ክርኑ የሳሳ ቀሚስ ለብሳ ልትቆም ነው! ጨርቅ ጠፍቶ ቢሆን ምንም አይደል። አባቴ ለፋሲካ የገዛላት፣ ቀይ ላይ ነጭ አበባ ያለበት ጨርቅ ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለ አምስት ወር ሆኖታል። ጳጉሜ እንደገባ ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ የእታለም ቀሚስስ?"

"ለመስቀል" አለ፣ ቀና ሳይል።

አንድ ነጋዴ ለራሱ ኮት፣ ለአምስት ልጆቹ ሙሉ ልብስ አዝዞት ነበር። እኔ በሆዴ፣ ለመስቀል ማን እንግጫ ይነቅላል፣ አልኩ። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ እኔው ራሴ ልሰፋው ወሰንኩ። ክር ከመቁረጥ በቀር ምንም የማላውቅ ልጅ!

የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ብቸና ውስጥ ቤት የሚቀር የለም። ጠበል ነው ተብሎ ትልቅም ትንሽም ደጅ ወጥቶ ይመታል። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እናቴና እህቴ እየተንጫጩ ወጡ። እኔ "ሱቁን ልጠብቅ" ብዬ ቀረሁ። ጨርቁን ከምስማሩ አወረድኩ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ የእህቴን አሮጌ ቀሚስ ላዩ ላይ አድርጌ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመርኩ። የአባቴ መቀስ ለእጄ ከባድ ነበር። የመጀመሪያውን ስቆርጥ የወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደጅ ሕፃናት ይጮሃሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ!

ያን ዕለትና በማግሥቱ፣ ሁሉም ለምሳ ቤት ሲሄዱ እየጠበቅሁ መኪናው ላይ ተቀምጬ ሰፋሁ። አካሉ ተገጣጠመ። ቀሚስ መሰለ። በደስታ እብድ ልሆን ምንም አልቀረኝ። የዋዜማው ዕለት ጠዋት አባቴ ዩኒፎርም ሊያደርስ፣ እህቴ ጓደኞቿን ልትሰበስብ ሲወጡ እጅጌዎቹን ያዝኩ። አንዱ ልክ እንደ አባቴ ሥራ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ግን እምቢ አለኝ። አዞርኩት፣ ገለበጥኩት፤ ስገለብጠው አበባው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሳዞረው ይጣመማል። ጨርቁን ሳላጥፍ፣ በነጠላው፣ ሁለቱንም ለአንድ ወገን ክንድ ቆርጫቸው ኖሯል። የተረፈ ጨርቅ ደግሞ የመሐረብ ያህል እንኳ የለም።

እንዲህ ሆኜ ሳለ አባቴ ገባ። ከኋላው ኮቱን ሊወስድ የመጣው ነጋዴ ነበር። እናቴ ካውያዋን እንደያዘች ቆመች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የእታለም ቀሚስ።"

"ማን ቆረጠው?"

"እኔ።"

አባቴ ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ ወስዶ ስፌቱን በጣቱ ተከተለው። "ስፌቱስ ደህና ነው" አለ ለራሱ። ከዚያ ሁለተኛውን እጅጌ አነሳ። "ሁለት ግራ።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ዛሬ እኮ ነው፣ አባዬ! የመጨረሻዋ እኮ ነው! ከዛሬ ወዲያ አትዘፍንም!"

አባቴ ቀና ብሎ ባዶውን ምስማር አየ። "አምስት ወር" አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ እንደዚያ በኀፍረት ሲቀላ አይቼ አላውቅም።

ነጋዴው አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና "እህሳ፣ ኮቴ? ዛሬ ነው ያልከኝ" አለው።

አባቴ የተጀመረውን ኮት ከመኪናው ላይ አንስቶ አጥፎ መደርደሪያው ላይ አኖረው።

"ለመስቀል፣ ጌታዬ።"

"ምን አልክ?"

"ይማሩኝ። ዛሬ የልጄን እሰፋለሁ።"

ነጋዴው ክው ብሎ ቀረ። ተናድዶ ተነሳና በር ላይ ሲደርስ ዝናቡ ወረደ፤ መሄድም መግባትም አቅቶት ታዛው ሥር ቆመ። እናቴ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አባቴ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቁራጭ ከቅርጫቱ አወጣ። ለሁለት እጅጌ አይበቃም። አንድ የቀኝ እጅጌ ቆረጠ፣ በተረፈው ደግሞ አንድ ኪስ።

"ኪሱ ለምንድን ነው?" አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

"እጅጌው ብቻውን ስህተት ይመስላል። ኪስ ሲጨመርበት ፋሽን ይሆናል።"

የዚያን ቀን መኪናው እንዴት እንደሮጠ ብነግራችሁ አታምኑኝም። እናቴ ተኩሳ ስትጨርስ ቀሚሱ ገና ይሞቅ ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግሁና ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ መስኩ በረርኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ቀሚሱን ግን ወደ ላይ ይዤ ነው የወደቅሁት።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ መስኩ ያበራል። ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። እህቴ ክርኑ በሳሳው ቀሚሷ መሐል ቆማ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ደረስኩ።

"ቆይ! ቆይ፣ እታለም!"

ጓደኞቿ ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሏት፣ እሷም ከውስጥ ለበሰችው። "ይሄ ሰማያዊ ደግሞ ምንድን ነው?" ስትል "ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚለበሰው!" አልኳትና ትንፋሽ እያጠረኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለቱን ግራ፣ ኮቱን፣ ታዛው ሥር የቆመውን ነጋዴ። ከሣቋ የተነሣ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነሥታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ አወረደችው፤

የአባቴ መኪና ዛሬስ ልብ ገዛ፣
ነጋዴው ይጠብቅ ቆሞ ከበር ታዛ!

መስኩ በእልልታ ተናጋ። እስክንጠግብ ዘፈንን፣ እስኪበቃን ነቀልን። እንግጫው ከነአፈሩ ሲነቀል ሥሩ ያውዳል፤ ጣቶቻችን ሽታውን ይዘው አመሹ። ሰማያዊው እጅጌ ከፍ ዝቅ ሲል ከሩቅ ይታይ ነበር። እኔ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። በማግሥቱ ጠዋት እህቴ በአባቴ ራስ ላይ እንግጫ ስታስር አንገቱን ጎንበስ አድርጎ ብዙ ቆየላት። ነጋዴው ኮቱን ለመስቀል ለበሰ። ስንኙም ጆሮው ደርሶ ኖሮ "እናንተ ታዛ ሥር ያቆማችሁኝ" እያለ ሲስቅብን ከረመ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሦስት ልጃገረዶች አንድ እጅጌው ሰማያዊ የሆነ ቀሚስ ካልሰፋህልን ብለው አባቴን ቁም ስቅሉን አሳዩት።

በጥር እህቴ ተድራ ሞጣ ገባች። ነሐሴ ሲመጣ አባቴ ከማንም ደንበኛ በፊት አንድ ጨርቅ ዘረጋ። የእህቴ ነበር። እሱ ሰፋው፣ እናቴ ተኮሰችው፣ እኔ በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ። እህቴ ከበር ዘላ አቀፈችኝ፤ ሆዷ ገፍቷል። ቀሚሱን ስትሞክረው ወገቡ እምቢ፣ ትከሻው እምቢ አለ። ተሳሳቅን። ከዚያ አውልቃ አጣጠፈችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ልክ ሆናት በይው" አለችኝ።

"እሺ።"

"በልኬ የተሰፋ ነው አለች በይው። እንዳትረሽ።"

ተመልሼ ነገርኩት፤ ደስ ብሎት ፔዳሉን ረገጠ። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ፤ እሱ ይሰፋል፣ እኔ አደርሳለሁ፣ "ልክ ሆናት" እላለሁ። ቀሚሶቹን ዛሬ የእህቴ ሴቶች ልጆች እየተሻሙ ይለብሷቸዋል፤ ሳያቸው መንገድ ላይ ቆሜ እስቃለሁ።

አንድ ፋሲካ እህቴ ወፈር ብላ፣ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ብቸና መጣች። አባቴ ማለት በመንገድ ያለፈን ሰው አይቶ ያለ ሜትር ልኩን የሚናገር ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ ከትከሻዋ እስከ እግሯ አያት። ልጅቷን ከጀርባዋ ተቀብሎ ሳማት።

ነሐሴ ሲገባ ጨርቅ ገዝቶ መጣ። ያን ጊዜ እኔም ሥራውን ለምጃለሁ፤ ልክ አይቼ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ጠመኔውን አነሳ። ያሰመረው የዚያችኑ የድሮዋን ልጃገረድ ወገብ ነበር።

"አባዬ" አልኩ።

"ወይ" አለ፣ ቀና ሳይል።

ምን ያህል እንደናፈቀችው ያን ጊዜ ገባኝ።

"ምንም" አልኩና ጨርቁ እንዳይንሸራተትበት ጫፉን ያዝኩለት።